ጅማ ተቀምጦ የዝነኛ ሰው ፊርማ መግዛት፦ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የሚታየው

የምገዛው የሙዚቀኞችንና የአትሌቶችን ፊርማ ነው። በተለይ ጅማ የተወለደው የሙላቱ አስታጥቄ የሸክላ ሽፋኖችና የአበበ ቢቂላ ፎቶዎች ላይ አተኩራለሁ። አብዛኞቹ ሻጮች ውጭ አገር ናቸው፤ ቴሌግራም ላይ የሚሸጡ የአዲስ አበባ ልጆችም አሉ። ስጀምር ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ፎርጅድ የሚያዘው ዕቃው እጅ ሲገባ ሳይሆን ገና ሳይከፈል መሆኑን ነው።

ቀላሉን በአጭሩ ላሳልፈው። የሻጩን ሌሎች ዕቃዎች ተመልከቱ፤ ሃያ ዝነኛ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ማርከር፣ በአንድ ዓይነት ዘመም ካለ ፈራሚው አንድ ሰው ነው። የአገር ውስጥ ሻጭ ከሆነ ዕቃውን ሳያሳይ በቴሌብር ቅድሚያ አትላኩ። ለማነጻጸሪያ ቢያንስ አሥር ፊርማ ሰብስቡ፤ ከሌላ ሻጭ ማስታወቂያ ግን አይሁን፤ እዚያ ፎርጅዱ ለፎርጅድ ምስክር ይሆናል። ሰውየው ሲፈርም የሚታይበት ቪዲዮ ይሻላል።

አሁን ወደሚያቃጥለው ልግባ። የውጭ ሻጮች የሚሸጡባቸው የኢንተርኔት ገጾች መመሪያ “ዕቃው ሲደርስዎ ይመርምሩ፤ ካልሆነ ይመልሱ” ይላል። ይህ ዕቃው በሦስት ቀን በሩ ላይ ለሚደርስለት ሰው የተጻፈ ነው። የእኛ ዕቃ መጀመሪያ አሜሪካ ያለ ዘመድ ቤት ይገባል። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል፣ ከዚያ በሻንጣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ጅማ። የመመለሻው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ግን ዘመዳችሁ በር ላይ ነው። ጅማ ላይ ማጉያችሁን ስታወጡ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል።

ቀኑ ባያልፍ እንኳ ቅሬታ የሚቀበለው ክፍል “የባለሙያ የጽሑፍ ማረጋገጫ አያይዙ” ይላል። ጅማ ውስጥ የፊርማ መርማሪ ከየት ይምጣ? ፊርማው በእጅ ሳይሆን በማተሚያ መውጣቱን የሚያሳየው ነጠብጣብ ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን ፎቶ፣ ቀስት ተደርጎበት ትልካላችሁ፤ የሚመጣላችሁ መልስ ያው ለሁሉም የሚላከው ዓረፍተ ነገር ነው። ስትከራከሩ ደግሞ ሌላ ሰበብ ይመዘዛል፦ ዕቃው ከተላከበት አድራሻ ወደ ሌላ ስለተዘዋወረ ዋስትናው አይሸፍነውም። ኮሚሽን ሲቆርጡ የት እንደምትኖሩ አይጠይቁም፤ ካሣ ሲሆን ጅማ ትዝ ይላቸዋል። እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሔው ምርመራውን ዘመድ ቤት ማድረግ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የጌጣጌጥ ሠሪ ማጉያ ርካሽ ነው፤ ከፊርማው በፊት እሱን ገዝታችሁ ወደ ዘመዳችሁ አስልኩ። ፖስታውን ሲከፍት በቪዲዮ ይቅረጽ፤ በዚያው ቀን የስልኩን ካሜራ ማጉያው ላይ አስጠግቶ የፊርማውን መነሻ፣ መድረሻና መስመር የሚቋረጥበትን ያንሳ። ይህን በጽሑፍ ካልሰጣችሁት “ደርሷል፣ ያምራል” ብሎ ብቻ ነው የሚጽፍላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሻጩን የምጠይቀው አለ። አንደኛ፣ ያለ ፍላሽ፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው የተነሳ ፎቶ። ሁለተኛ፣ የጀርባው ሙሉ ፎቶ። ሦስተኛ፣ እኔ የመረጥኩት ቃል የተጻፈበት ወረቀት ከዕቃው ጎን ተቀምጦ የተነሳ ፎቶ፤ ዕቃው እጁ ላይ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። አራተኛ፣ ዕቃውን ወዲህ ወዲያ ዘንበል የሚያደርግበት የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ። በቴሌግራም ከሆነ ፎቶውን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና የሚፈለገው ዝርዝር ይጠፋል። “ጊዜ የለኝም” የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

በቪዲዮው የማየው አንጸባራቂውን ነው። በሚያብለጨልጭ ፎቶ ላይ እውነተኛ ማርከር የራሱ ነጸብራቅ አለው፤ ጥቁሩ ዘንበል ሲል ወደ ሐምራዊ ወይም ነሐስ ይመታል። ፊርማው ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ከሆነ ግን ብርሃኑ ፎቶውንም መስመሩንም እኩል ያልፋቸዋል። በማጉያ ሲታይም የማተሚያው ባለ ቀለም ነጠብጣቦች መስመሩ ውስጥ ይገኛሉ።

ቀጥሎ የመስመሩ ጫፍ። ፈጥኖ የሚፈርም እጅ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው እየሄደ ነው፤ ጫፎቹ ቀጫጭን ሆነው ያልቃሉ። እየተመለከተ የሚገለብጥ ሰው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነው የሚጀምረው፤ ሁለቱም ጫፍ ድቡልቡል ነጥብ ይሆናል፣ መሃሉም ይንቀጠቀጣል። ይሁንና ነጥቡን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ አውቶፔን የሚባለው የመፈረሚያ ማሽንም እንዲሁ ነጥብ ይተዋል። እሱን የሚያጋልጠው ድርቡ ነው፦ ሁለት ፊርማ በስልክ ላይ አንዱን በግማሽ አሳስታችሁ ደርቡ፤ ልክ ለልክ ከገጠሙ ማሽን፣ ማኅተም ወይም ኅትመት ነው። ሰው ሁለቴ አንድ ዓይነት አይፈርምም።

በአማርኛ የተፈረመ ከሆነ የውጭ ገዢ የሌለው ዓይን አለን። “አበበ” ሲጻፍ ሁለት በ ጎን ለጎን ይመጣሉ። ፊደሉን ያደገበት ሰው በን በአንድ እንቅስቃሴ ያወጣዋል፤ አናቱ ለስለስ ይላል፣ ሁለቱ በዎችም መንትያ አይሆኑም። ፊደሉን የማያውቅ ግን እንደ በር መቃን ሦስት መስመር አድርጎ ይሥለዋል። ማዕዘኑ ላይ መስመሮቹ ሲደራረቡ ቀለም ይጠራቀማል፤ በማጉያ ጠቆር ያለች ጠብታ ትታያለች። ሁለቱም በዎች ማዕዘናቸው ላይ እንዲህ ከሆኑ ሌላውን ማየት አያስፈልገኝም።

ቀንም ያጋልጣል። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። “ሮም፣ መስከረም 1960” ብሎ በአማርኛ የተጻፈበት ፎቶ ካያችሁ ጸሐፊው የቀን መቁጠሪያችንን አያውቅም። ሻርፒ ማርከር ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ “እዚያው ሮም በሻርፒ ፈረመልኝ” የሚል ታሪክም ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው፤ የአበበን “የሜክሲኮ ድል ፊርማ” የሚሸጥላችሁን እለፉት። የሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የወጣ አልበም “በዚያው ዓመት የተፈረመ” ከተባለ የሽፋኑን ጀርባ እዩ፤ ባርኮድ ካለበት በኋላ በድጋሚ የታተመ ነው።

የትክክለኛነት ሰርተፍኬት ያለውን ብቻ ግዙ የሚለውን ምክር አልቀበልም። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኦፕሬሽን ቡልፔን ብሎ በጀመረው ምርመራ የተያዙት ሰዎች ፊርማውንም ሰርተፍኬቱንም አብረው ነበር የሚያቀርቡት፤ ከተያዘው ውስጥ የማዘር ቴሬሳ ፊርማ ያለበት ቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ነበር። እሳቸውን ከቤዝቦል ጋር ምን አገናኛቸው ብሎ ለመጠየቅ ማጉያም አያስፈልግም። እንደ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት ያሉ ፊርማ መርምረው የሚያረጋግጡ ድርጅቶች ለዕቃው የሚሰጡት ቁጥር በድረ ገጻቸው ይፈለጋል፤ ቁጥሩ መኖሩ ግን አይበቃም፣ ከእውነተኛ ዕቃ ላይ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ ፎቶ ካለ የማየው የፊርማውን አቀማመጥ ከሻጩ ፎቶ ጋር እያስተያየሁ ነው።

በላሚኔት የታሸገ ፊርማ ጭራሽ አልገዛም፤ ፕላስቲኩ ነጸብራቁንም የቀለሙን ውፍረትም ይሸፍናል፣ ሲላጥ ደግሞ ፊርማውን ይዞ ይሄዳል። እውነተኛውን ካገኛችሁም በጅማ ዝናብና እርጥበት ተፈርቶ “ላሚኔት ላድርግልህ” የሚል የፎቶ ቤት ልጅ አይጠፋም። ከፖሊስተር ወይም ከፖሊፕሮፒሊን በተሠራ የፕላስቲክ ኪስ ከቶ፣ ከግድግዳ ርቆ በደረቅ ሣጥን ማስቀመጥ ይበቃዋል።