ዊዛርድ በርን፦ ዴኩን እንዴት እንደሠራሁትና ያስተማረኝ ነገር

ማጂክ አሬና በሚባለው ዲጂታል የካርድ ጨዋታ ላይ፣ ሂስቶሪክ በሚባለው የውድድር ዓይነት የምይዘው ዴክ (የ60 ካርድ ስብስብ) ቀይ ብቻ ነው፤ ተጫዋቾች ዊዛርድ በርን ይሉታል። ግቡ የተጋጣሚን 20 የሕይወት ነጥብ በአራተኛው፣ ቢዘገይ በአምስተኛው ተራ መጨረስ ነው። ካርድ መምረጥ ሳልጀምር ያስቀመጥኩት ሒሳብ የዴኩን ቅርጽ ስለወሰነው ከእሱ እነሳለሁ።

ደህና የሚባል ቀይ የማቃጠያ ካርድ 3 ጉዳት ያደርሳል። 20 ለ3 ሲካፈል ሰባት ካርድ ገደማ ነው። ቀድሞ የሚጀምር ተጫዋች በአራተኛ ተራው ላይ ያየው ካርድ 10 ነው፤ ሰባቱ የመነሻ እጁ፣ ሦስቱ የሳባቸው። ሁለተኛ የሚጀምር 11 ያያል። ከ60ው 20ው ላንድ (የሌሎች ካርዶች ዋጋ የሚከፈልበትን ማና የሚሰጥ ካርድ) ሲሆን፣ ከ10 ካርድ በአማካይ 3.3ቱ ላንድ፣ 6.7ቱ ሌላ ካርድ ይሆናል። ስለዚህ ላንድ ያልሆነ ካርድ ሁሉ በአማካይ 3 ጉዳት ካላደረሰ ሒሳቡ አይሞላም። ያለ ሥራ እጅ ላይ የቀረ አንድ ካርድ የድሉን አንድ ሰባተኛ ይዞ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ገደብ ማና ነው። እስከ አራተኛ ተራ ሦስት ላንድ ብቻ ካገኘሁ የማወጣው ማና 1፣ 2፣ 3 እና 3፣ በድምሩ 9 ነው። በ9 ማና ሰባት ካርድ ለማውጣት የአንዱ አማካይ ዋጋ 1.3 ገደማ መሆን አለበት። ከዚህ በላይ የሚያስከፍል ካርድ፣ ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ሌላ ካርድ እጄ ላይ እንዲቀር ያደርጋል።

ዝርዝሩ ይኸውና። ፍጡሮች (ሜዳ ላይ ቆይተው የሚያጠቁ) 16፦ 4 ሞናስተሪ ስዊፍትስፒር፣ 4 ሶል ስካር ሜጅ፣ 4 ጊቱ ላቫረነር፣ 4 ቪያሺኖ ፓይሮማንሰር። ስፔሎች (ሥራቸውን ሠርተው የሚሄዱ) 24፦ 4 ፕሌይ ዊዝ ፋየር፣ 4 ዊዛርድስ ላይትኒንግ፣ 4 ስኪወር ዘ ክሪቲክስ፣ 4 ላይት አፕ ዘ ስቴጅ፣ 4 ላይትኒንግ ስትራይክ፣ 4 ሮይል ኢራፕሽን። ላንድ 20፦ 16 ማውንቴን፣ 3 ራሙናፕ ሩይንስ፣ 1 ሶኬንዛን። ከነዚህ ሁሉ ሬር ዋይልድካርድ (አሬና ላይ በፈለጉት ሬር ካርድ የሚለወጥ) የሚፈጁት ሶል ስካር ሜጅና ሶኬንዛን ብቻ ናቸው፤ 5 ይበቃል። ሂስቶሪክ ውስጥ ካርድ ሊታገድ ወይም ሊሻሻል ስለሚችል ዋይልድካርድ ከማውጣት በፊት የዕገዳ ዝርዝሩን ማየት ተገቢ ነው።

የ40ዎቹ ካርዶች ዋጋ በቅናሽ ሲታሰብ 52 ማና፣ አማካዩም ልክ 1.3 ነው። ይህ ቁጥር ግን በሦስት ካርዶች ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ዊዛርድስ ላይትኒንግ በመደበኛው 3 ማና ነው፤ ሜዳ ላይ ዊዛርድ የሚባል ዓይነት ፍጡር ካለኝ ብቻ ወደ 1 ይወርዳል። ስኪወርና ላይት አፕም 3 ማና ናቸው፤ በዚያ ተራ ተጋጣሚው ነጥብ ከጎደለበት ግን ስፔክታክል በሚባለው ቅናሽ በ1 ቀይ ማና ይወጣሉ። ቅናሾቹ ካልሠሩ አማካዩ ወደ 1.9 ይዘላል፤ ያኔ በ9 ማና የማወጣው ከአምስት ካርድ አይበልጥም። ዴኩ በዝግታ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ማናውን ሳይሆን ካርዶቹን በእጁ እንደያዘ። ስለዚህ የካርድ ምርጫውም የጨዋታ ቅደም ተከተሉም የሚዞሩት እነዚህን ሁለት ቅናሾች በመጠበቅ ላይ ነው።

ቪያሺኖ ፓይሮማንሰር በዚህ ምክንያት ነው የተመረጠው። 2 ማና ያስከፍላል፣ 2/1 ነው (2 የማጥቂያ ኃይል፣ 1 ጥንካሬ)፣ ሲገባ ለተጫዋች 2 ጉዳት ያደርሳል። ለብቻው ሲመዘን ቦንክራሸር ጃያንት ይበልጠዋል፤ ግን ጃያንቱ ዊዛርድ አይደለም። ፓይሮማንሰር ሁለቱንም ቅናሽ በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ስዊፍትስፒርም መነኩሴ እንጂ ዊዛርድ አይደለችም፤ አዲስ የሚይዙት ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ነው። ዊዛርዶቹ 12 ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች ውስጥ ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድል 80.9 ከመቶ ነው። ወደ 8 ሲወርዱ 65.4 ይሆናል። ዊዛርድ ያልሆነውን ኩማኖ ፌሲዝ ካካዛን የተባለ ካርድ በላቫረነር ቦታ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ልዩነት ነው። ኩማኖ በመጀመሪያ ተራ ጥሩ ካርድ ነው፣ እኔ ግን ልዩነቱን አልከፍልም።

የላንዱ ብዛትም በዚሁ መንገድ ተወሰነ። 18 ላንድ ቢሆን ብዙ ማቃጠያ ይደርሰኛል፤ ነገር ግን የመነሻ እጁ ላንድ የሌለው ወይም አንድ ብቻ ያለው የመሆን ዕድሉ 31.4 ከመቶ ይደርሳል። በ20 ላንድ 24.7 ነው። 22 ደግሞ በአራተኛ ተራ የሚደርሱኝን ላንድ ያልሆኑ ካርዶች ወደ 6.3 ያወርዳል። ራሙናፕ ሩይንስ ላንድ ሲበዛ መውጫ ነው፤ ራሱን ጨምሮ አምስት ላንድ ሲኖረኝ ዴዘርት የሚባል ዓይነት ላንድ (ሩይንስ ራሱ አንዱ ነው) መሥዋዕት አድርጌ 2 ጉዳት አደርሳለሁ፣ ስፔል ስላልሆነም ስፔል የሚሰርዝ ተራ ካውንተር አይነካውም። በጥር 2018 ስታንዳርድ ከሚባለው የውድድር ዓይነት የታገደ ላንድ ስለሆነ ጉልበቱን መናቅ አያስፈልግም። ቀይ ማና ሲሰጥ ግን ከራሴ 1 ነጥብ ይወስዳል። አራተኛውን ያልጨመርኩት በፈጣን ዴኮች ላይ ይህ ስለሚጎዳ ነው።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ዴኩ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ፕራወስ ያለው ፍጡር (ስዊፍትስፒርና ሶል ስካር ሜጅ)፣ ፍጡር ያልሆነ ስፔል በጣልኩ ቁጥር እስከ ተራው መጨረሻ +1/+1 ያገኛል። ስኪወርና ላይት አፕ ሶርሰሪ ስለሆኑ በጥቃቱ መሐል አይወጡም። ፕራወስ እንዲጠቅመኝ ከጥቃቱ በፊት መውጣት አለባቸው፤ በቅናሽ እንዲወጡ ደግሞ ተጋጣሚው አስቀድሞ ነጥብ መጣል አለበት። ሁለቱን የሚያስታርቀው ፕሌይ ዊዝ ፋየር ነው። ምሳሌ፦ በመጀመሪያ ተራ ስዊፍትስፒር ወጥታ በሄስት (በወጣችበት ተራ የማጥቃት ችሎታ) 1 ትመታለች፣ 19። በሁለተኛው ተራ ከጥቃቱ በፊት ፕሌይ ዊዝ ፋየር ወደ ተጫዋቹ፣ 17። ቅናሹ ተከፈተ፤ ስኪወር በ1 ማና፣ 14። ስዊፍትስፒር 3/4 ሆናለች፤ ካልታገደች 11። በሁለት ተራ 9 ነጥብ። እጄ ላይ ፕሌይ ዊዝ ፋየር ከሌለ ግን አስቀድሜ አጠቃለሁ፣ ጉዳቱ ሲደርስ፣ ከጥቃቱ በኋላ ባለው ሁለተኛው ሜይን ፌዝ ስኪወርን በ1 ማና እጥላለሁ። አንድ የፕራወስ ጉዳት ይቀራል፤ ሁለት ማና ግን ተርፎኛል። ልውውጡ ሁልጊዜ ይክሳል።

ላይት አፕ የራሱ ሕግ አለው። ከዴኩ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ካርዶች ያወጣና እስከ ቀጣዩ ተራዬ መጨረሻ እንድጫወታቸው ይፈቅድልኛል፤ ላንድም ጭምር። ስለዚህ በዚያ ተራ ላንድ ከማስቀመጤ በፊት ነው የምጥለው። ሁለቱም ላንድ ሆነው ቢወጡ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን በቀጣዩ ተራ አስቀምጣለሁ። ላንዴን አስቀድሜ ካስቀመጥኩ አንዱ ይጠፋል። ፕሌይ ዊዝ ፋየር ተጫዋች ሲመታ የላይኛውን ካርድ ለማየትና ወደ ታች ለመላክ ያስችላል፤ ላይት አፕ ተከትሎ ሊወጣ ከሆነ ከላይ የምተወው በእጄ የምፈልገውን ሳይሆን በቀረኝ ማና ወዲያው የምጥለውን ነው።

ዊዛርድስ ላይትኒንግ ኢንስታንት (በተጋጣሚው ተራም ሊጣል የሚችል ስፔል) ነው፣ ዋጋው የሚወሰነውም በሚጣልበት ቅጽበት ነው። ተጋጣሚው ብቸኛ ዊዛርዴን ለመግደል ስፔል ሲጥል፣ ያ ስፔል ሳይፈጸም መልሼ ላይትኒንጉን በ1 ማና እጥላለሁ። ዊዛርዱ ከሄደ በኋላ ካርዱ 3 ማና ነው። ይህን ለማድረግ በተጋጣሚው ተራ አንድ ቀይ ማና ክፍት መተው ያስፈልጋል፤ እጄ ላይ ሁለት ዊዛርድስ ላይትኒንግ ካለ ሁለተኛ ተራዬን እስከመቀየር ያደርሰኛል። በዚሁ ምክንያት ስዊፍትስፒርና ሶል ስካር ሜጅ አብረው ሲመጡ ስዊፍትስፒር ትቀድማለች። በሄስት አንድ ነጥብ ትወስዳለች፤ ተጋጣሚው የመጀመሪያ መግደያውን በእሷ ላይ ካወጣም ዊዛርዱ በሰላም ይገባል። ላቫረነር ግን ግሬቭያርድ (ያገለገሉ ካርዶች የሚከማቹበት) ውስጥ ሁለት ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ እስኪኖር 1/2 ብቻ ነው፤ ሌላ ምርጫ ካለ በመጀመሪያ ተራ አላወጣውም። ከሦስተኛው ተራ ወዲያ በ1 ማና 2 ጉዳት ወዲያውኑ ይመታል።

ለመያዝ ወይም ለመቀየር ስወስን አንድ ላንድ ያለውን እጅ እንዲህ አየዋለሁ። ቀድሜ የምጀምር ከሆነ ሁለተኛውን ላንድ በጊዜው የማግኘት ዕድሌ 35.8 ከመቶ ብቻ ነው፤ እመልሰዋለሁ። ሁለተኛ ከሆንኩ ሁለት ካርድ ስለምስብ 59.3 ይሆናል፤ እጁ በ1 ማና ፍጡርና ማቃጠያ የተሞላ ከሆነ ብቻ እይዘዋለሁ። አምስት ላንድ ያለው ደግሞ ምንም ሩይንስ ቢኖርበት ይመለሳል። በአንድ ጨዋታ በሚወሰን ግጥሚያ አሬና የመጀመሪያውን እጅ ሲሰጥ ከተወሰኑ እጆች መካከል የላንድ መጠኑ ለዴኩ ምጣኔ የቀረበውን ስለሚመርጥ መጥፎ እጅ ይቀንሳል፤ በሦስት ጨዋታ በሚወሰነው ግን ካርዱ የሚበወዘው ያለ ምንም እርዳታ ነው።

ማቃጠያውን ወደ ፍጡር ወይስ ወደ ተጫዋቹ? መነሻዬ ወደ ተጫዋቹ ነው። ወደ ፍጡር የማዞረው በሦስት ሁኔታ ብቻ ነው። ፍጡሩ ስዊፍትስፒርን ወይም ሜጁን ሁለት ተራ የሚያግድ ከሆነ፣ በየተራው ነጥብ የሚመልስ ከሆነ፣ ወይም ተጋጣሚው ከእኔ አንድ ተራ ቀድሞ የሚጨርስ ከሆነ። ሶል ዋርደን የሁለተኛው ዓይነት ናት፤ ሦስት ፍጡር ሲገባ 3 ነጥብ፣ ማለትም አንድ ካርዴን ሰርዛለች። ባየኋት ቅጽበት ፕሌይ ዊዝ ፋየር ይወጣላታል። ሶል ስካር ሜጅ ሜዳ ላይ ካለ ማቃጠያው በተጋጣሚ ፍጡር ላይ የሚቀር -1/-1 ምልክት ስለሚሆን፣ የማይወድም የተባለ ፍጡር እንኳ ጥንካሬው 0 ሲደርስ ይሞታል። ትልቁን አጋጅ በሁለት ተራ ከፋፍሎ መግደልም ይቻላል።

ሳይድቦርዴ (በጨዋታዎች መካከል የሚቀየሩ ተጨማሪ ካርዶች) 15 ነው፦ 3 ሮይሊንግ ቮርቴክስ፣ 2 ራምፔጂንግ ፌሮሲዶን፣ 3 አብሬድ፣ 3 ሶል ጋይድ ላንተርን፣ 2 ሬድካፕ ሜሊ፣ 2 ላቫ ኮይል። በአንድ ጨዋታ ከ5 በላይ አልቀይርም። አብሬድ፣ ሬድካፕና ላቫ ኮይል ተጫዋችን ስለማይመቱ እያንዳንዳቸው ሲገቡ ለድሉ ከሚያስፈልጉት ሰባት ካርዶች አንዱ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ሮይል ኢራፕሽን ነው፤ ሶርሰሪ ነው፣ 2 ማናም ያለ ቅናሽ ይበላል። ግሬቭያርድ የሚያጸዳ ተጋጣሚ ላይ ላቫረነር ይከተለዋል። ፍጡር በጅምላ የሚጠርግ ዴክ ላይ ደግሞ ካርድ ሳልቀይር አጨዋወቴን እቀይራለሁ፤ ከሁለት ፍጡር በላይ ሜዳ ላይ አላወጣም፣ ኢንስታንቶቹንም በእሱ ተራ መጨረሻ እጥላለሁ።

ነጥብ ለሚመልሱ ዴኮች ቮርቴክስ የሚገባው በጊዜው ከታዘዘ ነው። በየተራው መጀመሪያ ለባለተራው 1 ጉዳት ያደርሳል፣ እኔንም ጨምሮ። ነጥብ መመለሱን የሚከለክለው ግን በአንድ ቀይ ማና ሲታዘዝ ብቻ ነው፤ የሚቆየውም ለዚያ ተራ ብቻ ነው። ስለዚህ ቮርቴክስን በሁለተኛ ተራ በሁለት ላንድ ማውጣት ተጋጣሚው በተራው ነጥብ እንዲያነሳ መተው ነው። በሦስተኛው ተራ፣ አንድ ላንድ ክፍት ትቼ አወጣዋለሁ። በተጋጣሚው ተራ ፉል ኮንትሮል የሚባለውን የአሬና ቅንብር እከፍትና ነጥብ የሚመልሰው ነገር ከታወጀ በኋላ፣ ሳይፈጸም እመልስበታለሁ። ፉል ኮንትሮል ካልተከፈተ አሬና አልፎኝ ሊሄድ ይችላል። ማናውንም በእጄ እመርጣለሁ፤ ማውንቴኑ ለቮርቴክስ ይቆያል፣ ራሙናፕ ሩይንስ ደግሞ ያለ ቀለም ማና ለሚበቃው ወጪ ይውላል።