ጉድጓዱ ተከሰሰ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ በኩል ካስቆፈርናቸው ጉድጓዶች አንዱ ተከሰሰ። «ይህን ውሃ መጠጣት ከጀመርን የልጆቻችን ሆድ አልረጋም» ነው ክሱ። ብዙው ሰው ወደ ድሮው ምንጭ ተመልሷል። ምንጩ ደግሞ ከብትም ሰውም እኩል የሚጠጣበት ነው።

ቢሮ ስንደውል መልሱ አጭር ነበር፤ «ክሎሪን ጨምሩበት በቃ።» ጉድጓድ ውስጥ የጨመሩት ክሎሪን በፓምፑ እየተቀዳ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። እስኪያልቅ ደግሞ ውሃው በረኪና በረኪና ይሸታል። ያኔ የቀረውም ሰው ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ምንጩ ነው። መጀመሪያ እንመርምረው ተባባልን።

የያዝነው ቀላሉን መመርመሪያ ነው። ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ኬሚካል የተነከረ ወረቀት አለ። ውሃ ትጨምርና አንድ ሁለት ቀን ትጠብቃለህ። ከዓይነ ምድር የሚመጡ ባክቴሪያዎች ካሉበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ ወረቀቱ ላይ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ሙቀት ግን ይፈልጋል፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ። የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠርሙሶቹን በጋቢ ጠቅልለን አቅፈናቸው አደርን። (ሚስቴ ብታይ ምን ትል ነበር!)

ናሙናው ከፓምፑ ብቻ አልነበረም። ባልደረባዬ ከየቤቱ ጄሪካንም እንቅዳ ብሎ ነበር። የፓምፑ ውሃ ኩልል እንዳለ ቀረ። የጄሪካኖቹ ግን አብዛኞቹ ከሰል መሰሉ።

ጠርሙሶቹን ፓምፑ ሥር ኮንክሪቱ ላይ ደርድረን ሰው ጠራን። አንዲት እናት ፊታቸው ተቀየረ።

«ቆሻሾች ናችሁ ልትሉን ነው?»

«ኧረ በፍጹም እማማ! ዕቃው ነው።»

«የወተቱን ዕቃ በየቀኑ አጥበን በወይራ እናጥናለን። የውሃ ዕቃ ግን ምን ይታጠባል ልጄ? ውሃው ራሱ ያጥበው የለ? ደግሞ እጅ የማይገባበትን በምን ልጠበው?»

እውነታቸውን ነው። የጄሪካን ጠባብ አፍ እጅና ኩባያ እንዳይነከርበት ይጠቅማል፤ ለማጠብ ግን መከራ ነው። እኛ በየስብሰባው ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ስናወራ ይህን ያነሳ ሰው አላስታውስም።

መላውን ያመጣችው ከሰልፉ ውስጥ የነበረች ወጣት ናት። ጠጠር፣ አሸዋና ትንሽ ኦሞ ከውሃ ጋር ጨምራ ጄሪካኗን እንደ ቅል ትንጠው ጀመር። ስትደፋው አረንጓዴ ዝቃጭ ወጣ። ደገመችው፤ አሁን ደግሞ ቁራጭ ሣር። ክዳኑ ከጠፋ ጀምሮ በሣር ነው የምትወትፈው። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ጠጠር ለቀማ ገባ።

ያቺ እናት የራሳቸውን ሲደፉ ከሁሉም የባሰ ወጣ፤ እሳቸውም «አቤት ጉዴ!» ብለው ሳቁ።

ለጨቅላ ልጅ ክሎሪን ካስፈለገም እቤት፣ የታጠበው ጄሪካን ውስጥ፣ በልኩ ቢጨመር ይሻላል ብለን አሳየን። የውሃ ኮሚቴው ክዳን ከከተማ በጅምላ ሊያስመጣ ተስማማ። ሳያጥብ የሚቀዳ ተራውን እንዲያጣም ተወሰነ። እጣቢው ወደ ዋናው መንገድ ዳር ይፈስሳል፤ ሰልፉም ረዝሟል። «ውሃ ልቀዳ መጥቼ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ቀረሁ» የሚል ጎረምሳ አይጠፋም።