ኦዞኑን ለምን እንደተውኩት

የሳሎናችን የዓሣ ገንዳ ውሃ ሰሞኑን ጠርቷል። በበጋው ፀሐይ በመስኮት ገብታ ስለምትመታው የጎመን ቅቅል ውሃ መስሎ ነበር፤ ጎልድፊሾቹ መስታወቱ ጋ ካልተጠጉ አይታዩም። በባሊ እየቀዳሁ ብቀይረውም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ይህን የሚያመጣው አልጌ በዓይን የማይታይና በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር ስለሆነ የፊልተሩ ስፖንጅ አይዘውም።

የገላገለኝ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) በሚባል በዓይን የማይታይ ጨረር የሚሠራ ዕቃ ነው። ዕቃው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ሆኖ መሐሉ ላይ በኳርትዝ መስታወት የተሸፈነ አምፖል አለው፤ ፓምፑ ውሃውን በአምፖሉ ዙሪያ ያሳልፈዋል። 254 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ጨረር የአልጌውንም የባክቴሪያውንም ዲ ኤን ኤ ስለሚጎዳው መራባት ያቅታቸዋል። ውሃው በዝግታ ባለፈ ቁጥር ጨረሩ በደንብ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ኃይለኛ ፓምፕ መግጠም አያዋጣም።

የምወድለት ልኩን ማወቁን ነው። በአጠገቡ ያለፈውን እንጂ ሌላውን አይነካም። የዓሦቹን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ ተጣብቀው ስለሚኖሩ ምንም አይሆኑም። በዚያው ልክ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ የያዘውን ዓሣ አያድንም፤ ቆዳው ውስጥ የገባውን ተባይ አያገኘውም፤ የሚገድለው ሌላ ዓሣ ፍለጋ በውሃው የሚዋኘውን ብቻ ነው። መድኃኒት ሲደረግ እንዲያውም ማጥፋት ይሻላል፤ ጨረሩ አንዳንዱን መድኃኒት ያበላሸዋል።

እንክብካቤ ይፈልጋል። ከሶኬት ነቅዬ ኳርትዙን ሳወጣው አመድማ ልባስ ይዞ አገኘዋለሁ፤ በጣት ሲነኩት ይሻክራል። አቼቶ ነክሬ በጨርቅ ስጠርገው መልሶ ያበራል። ያ ልባስ ካልተነሳ ጨረሩ ውሃው ጋ አይደርስም። አምፖሉ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን እየሰጠም ቢሆን ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አቅሙ ስለሚደክም በማየት አይታወቅም፤ ቆጥሮ መቀየር ነው። በርቶ እያለ በዓይን ማየት ፈጽሞ አይገባም።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ግን በዚህ አልረካም። «ከጀመርሽ አይቀር ኦዞንም ጨምሪበት» ይለኛል። ኦዞን ውሃ ለማጥራት የሚያገለግል ኃይለኛ ጋዝ ነው፤ ነገሩም መሠረት አለው። ሁለቱም ወደ ዓሣ ገንዳ የመጡት ከከተማ የመጠጥ ውሃ ነው፤ የፈረንሳይዋ ኒስ በ1906፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ውሃዋን በኦዞን ማከም ጀመረች፤ ማርሴይ ደግሞ በ1910 ዩቪን ሞከረች። ኦዞን ዩቪ የማይችለውን ያደርጋል፤ ውሃውን ቢጫ የሚያደርገውን የሟሟ ቆሻሻ ያቃጥላል። በትልልቅ የባሕር ዓሣ ገንዳዎች ቦታ ማግኘቱ አይገርመኝም።

እኔ ቤት ግን አይገባም። ኦዞን እንደ ብርሃኑ ቱቦው ውስጥ አይቀርም። ትንሽ ከበዛ የዓሦቹን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ኦዞኑ በውሃው ውስጥ ያለውን የማቃጠል ኃይል በሚሊቮልት እየለካ የሚቆጣጠር መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ የሚወጣውም ውሃና አየር ትርፉን ኦዞን በሚያስቀር ካርቦን (ከሰል) ማለፍ አለበት። መሣሪያው የሚስበው አየር ደረቅ ካልሆነ ምርቱ ይቀንሳል፣ ናይትሪክ አሲድም ይፈጠራል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይገባዋል፤ እዚህ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ እንኳ አይደርቅም።

ከሁሉም በላይ እማዬ አስም አለባት፤ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከገንዳው ፊት ለፊት ነው። ኦዞን ሳንባን ያስቆጣል፣ አስም ላለበት ደግሞ ይብሳል። ለዓሣ ንጹሕ ውሃ ብዬ የእናቴን ትንፋሽ አላስይዝም። ይህንኑ ለአጎቴ ልጅ ስነግረው «እሺ፣ እሱንስ ልክ ነሽ» አለኝ።

የሚቀረኝ መለዋወጫ አምፖል ነው። እዚህ ጅማ ስላላገኘሁ ለበዓል ሲመጣ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ፤ ዋቱንና የእግሩን ዓይነትም ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ።