ውሃ የጠጣው ቅጠል

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቅጠሌ መስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል፣ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ጫፉ አሁንም ውሃ ይመስላል።

ቅጠል የምለው ወሎ፣ ደላንታ ከሚወጣው ኦፓል፣ ሲያዞሩት ብዙ ቀለም ከሚያብለጨልጨው የከበረ ድንጋይ፣ የቀረጽኩትን ነው። ጥሬው 14 ግራም ነበር። ጠበብ፣ ረዘም ያለ፣ አንድ ጎኑ ላይ ቡናማ አለት የተጣበቀበት። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሞላላ ፈርጥ ያወጣበት ነበር፤ ገበያውም የሚፈልገው እሱን ነው። እኔ ግን ገና ሳየው የወይራ ቅጠል መሰለኝ። ድንጋዩ ይዞት የመጣውን ቅርጽ ቆርጦ መጣል ሁሌም ያሳዝነኛል።

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። እነሱ ውሃ ሲሞሉ ድንጋዩ ይጠራል፤ ያ ሁሉ የቀለም ጭፈራ ድራሹ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል። ችግሩ ያለ ውሃ አይቀረጽም። በደረቁ ከሞረዱት ይግልና ይሰነጠቃል። ብናኙም ሲሊካ ስለሆነ ለሳንባ አደገኛ ነው። ስለዚህ ለቀለሙ ብለሽ የምትለፊበትን ድንጋይ ቀለሙን ሳታዪ ነው የምትቀርጪው። በእስክርቢቶ ምልክት ላድርግበት ብትዪ ደግሞ የእስክርቢቶውን ቀለም ምጥጥ አድርጎ ያስቀረዋል።

ይህን ደብተር የያዝኩት ለዚህ ነው። ድንጋዩን ውሃ ከማስነካቴ በፊት እያገላበጥኩ በእርሳስ ሣልኩት። አረንጓዴው ከሥሩ እስከ መሀል። ብርቱካናማው ጀርባው ላይ። ጫፉ ላይ ደግሞ ክር የምታህል ቀይ። ያቺን ቀይ እንዳላጠፋት ብዬ ጫፉን ሦስት ቀን አልነካሁትም። መሀሉ ላይ የቅጠሉን ጅማት አወጣሁ፣ ዳርና ዳሩን አሳሳሁ፣ አሁንም ጫፉን ፈራሁት። በመጨረሻ ትንፋሼን ይዤ፣ ሥዕሉን እያየሁ፣ ቀስ በቀስ አሾልኩት። ከዚያ ከሻካራው እስከ ለስላሳው ብርጭቆ ወረቀት፣ ማሳረጊያው ላይ በአልማዝ ዱቄት።

አጥቤ ሳየው የበረዶ ስባሪ ነው የሚመስለው። ቀዩ ቀርቶ አረንጓዴውም የለም። እንደሚጠጣ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ያህል ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሆዴ ባባ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። መብራት ላይ አዙረው አዩትና፣ «ጠጥቶ ነው ልጄ። ጥላ ላይ ተይው። ምድጃ አጠገብ እንዳታደርሺው» አሉኝ። በቶሎ የደረቀ ኦፓል ይተረተራል።

እስኪደርቅ ድረስ ስለ ደላንታ ሳስብ ሰነበትኩ። በደላንታዋ ከተማ በወገል ጤና አካባቢ ይህ ኦፓል የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሰሜን ሸዋው የመዘዞ ኦፓል ነበር፤ እሱ ግን ብዙው እየተሰነጠቀ አስቸግሯል። የደላንታው የሚገኘው ገደሉ ወገብ ላይ ባለ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ገበሬዎቹ እዚያ ድረስ ወርደው በእጅ ይቆፍራሉ። ናዳ የተጫነው፣ ገደል የወሰደው ሰው አለ። እኔ ከዚያ ከወጣው 14 ግራም 5 ግራም ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ፈጨሁት። ይከነክነኛል። ቅንጥብጣቢውን አልጣልኩትም፤ ብልቃጥ ውስጥ አጠራቅሜዋለሁ፣ ለእንጨት ሥራ ማስጌጫ ይሆናል።

ሁለተኛው ቀን ላይ እንደ ወተት ነጣ። ያኔ በጣም ደነገጥኩ፤ ለካ ሲደርቅ እንዲህ ያልፍበታል። ሦስተኛው ቀን ከሥሩ በኩል አረንጓዴ ብልጭ አለ። ትናንት ብርቱካናማው መጣ። ጫፉ ግን ዝም።

ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ከሥራ ገብቼ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ፣ ቀይዋ አለች። ከሣልኳት ትንሽ ቀጥና፣ ወደ ግራ ዘንበል ብላ፣ እስከ ጫፉ ጫፍ ድረስ። ደብተሩን አወጣሁና ከመጀመሪያው ሥዕል አጠገብ እንደገና ሣልኩት። ለቀይዋ የልጄን ቀይ እርሳስ ተዋስኩ።