«ፍሩጊ»፦ መልኩን የማይለውጠውን የላቲን ቅጽል እንዴት እንደፈታሁት

በላቲን ቅጽል የሚገልጸውን ስም በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ (ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለው ተግባር) ተከትሎ ይለወጣል። «ፍሩጊ» ግን አይነቃነቅም። «ሴርዉስ ፍሩጊ» ታማኝ፣ ለሥራ የሚሆን ባሪያ ማለት ነው፤ «የታማኝ ባሪያዎች» ለማለትም «ሴርዎሩም ፍሩጊ» ነው።

ምርመራዬን የጀመርኩት ከመጨረሻው «ኢ» ነው። ለጀማሪ «ፍሩጉስ» ከሚባል ቅጽል የወጣ ብዙ ቁጥር ወይም አገናዛቢ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ቅጽል ግን የለም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ስሞች አዞርኩ። «ፍሩክስ»፣ ፍሬ ወይም ምርት፣ በሦስተኛው እርባታ (የስሞች መልክ አለዋወጥ ክፍል) የሚገባ የሴት ጾታ ስም ነው። አገናዛቢው «ፍሩጊስ»፣ ዳቲቩ (እኛ በ«ለ» የምንገልጸው ሙያ) ደግሞ «ፍሩጊ» ይሆናል።

የመልክ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገሩን የቆረጠልኝ ፕላውቱስ ነው፤ የቴአትር ጸሐፊው ስለ ወንድ ሲናገር «ፍሩጊ ቦናይ» ይላል። «ቦናይ»፣ መልካም የሚለው ቅጽል፣ እዚህ የቆመው በሴት ጾታ ዳቲቭ ነው። የተስማማው ከሰውየው ጋር አይደለም፣ ከ«ፍሩክስ» ጋር ነው! አባባሉ ሲተረተር «ለመልካም ፍሬ የሚሆን» ነው። «ኡሱዊ ኤሴ»፣ ለጥቅም መሆን፣ የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ «ፍሩጊ» እየቆየ ከመሆን ግሥ ተላቆ ስምን በቀጥታ መግለጹ ነው፤ ዳቲቩ እንደ ደረቀ ቀረ፣ ስለዚህም መልኩ አይለወጥም። እንዲህ ያለ ግትር ቃል ሲገጥማችሁ ቃሉን ብቻ አትመርምሩ፤ አጠገቡ ያለው ቅጽል ከማን ጋር እንደተስማማ እዩ።

ማበላለጫው ከሌላ ግንድ ይመጣል፦ «ፍሩጋሊዮር»፣ «ፍሩጋሊሲሙስ»። እነዚህ እንደማንኛውም ቅጽል መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ፍሩጊ» ስለማይለወጥ እነሱንም ግትር አድርጎ ሲጽፍ ነው። በሮማዊው ተናጋሪ በሲሴሮ ዘመን (ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዘመን) ላቲን ለመጻፍ የፈለገ ደግሞ «ፍሩጋሊስ» ከሚለው ተራ መልክ ይራቅ፤ ኋላ የመጣ ነው። ተቃራኒው «ኔኳም»፣ ምናምንቴ፣ እሱም አይለወጥም፤ ማበላለጫው «ኔኲዮር» ግን ይለወጣል።

በሰው ስም ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ቆንስል (የሮማ ከፍተኛ ባለሥልጣን) የነበረው ሉኪዩስ ካልፑርኒዩስ ፒሶ ፍሩጊ በአገናዛቢ «ፒሶኒስ ፍሩጊ» ይባላል፤ «የፍሩጉስ ልጅ ፒሶ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። ትርጉሙንም እንደ ባለቤቱ እመርጣለሁ፦ ለባሪያ «ታማኝና ሥራ ወዳድ»፣ ለፒሶ ዓይነቱ ባለሥልጣን «ልከኛና ሐቀኛ»።