ከእህቴ ልጅ ጋር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ

የዛሬውን ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ያሳለፍኩት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና የሆነውን ኤልሳትን (LSAT) እያጠናች ነው።

«ሕግ ሳላውቅ እንዴት እፈተናለሁ?» ትል ነበር። ፈተናው አንድም አንቀጽ አይጠይቅም፤ የሚመዝነው አንብቦ መረዳትንና ክርክር መመርመርን ነው። የሎጂክ ጨዋታ የሚባለው የእንቆቅልሽ ክፍል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ በውሰት ያገኘችውን ያን ጡብ የሚያህል አሮጌ መጽሐፍ ብትመልሰው ይሻላል።

አንድ ክርክር ፈጥሬ ሰጠኋት፦ «ቡና ቤቶች ከበዙ ወዲህ ስርቆት ቀንሷል፤ ስለዚህ ስርቆትን የቀነሱት ቡና ቤቶች ናቸው።» እርሳሷን እያኘከች ቆየችና፣ «በዚያው ሰሞን የመንገድ መብራት ተተክሎ ቢሆንስ?» አለች። በላ ልበልሃ ሲሟገቱ የኖሩት ቅድመ አያቷ ቢሰሟት እልል ባሉ ነበር!

ለሌሎቻችሁም፦ የእያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ያስደነግጣል፤ ቢሆንም መጀመሪያ ያለ ሰዓት ሥሩ። የሳታችሁትን ጥያቄ መልሱን አይታችሁ አትለፉት፤ ለምን እንደሳታችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉት። አሰልቺ ነው፣ ግን ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላየሁም። ለስህተት ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። ውድ ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት ላውሃብ (LawHub) በተባለው የፈተናው አዘጋጆች ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ነፃ የልምምድ ፈተናዎች ጨርሱ። የመፈተኛው ክፍያ ለሚከብደውም ነፃ የሚሆንበት አሠራር ስላለ፣ ሳታፍሩ አመልክቱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ፈተና በሰዓት ትሠራለች። አብሯት መቀመጥ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።