እንግዳው ዘፋኝ ከ32 ዓመት በኋላ

የስዊድን ሮክ ሲነሳ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ያ በኪቦርድ የሚጀምረው፣ ዩሮፕ የሚባለው ባንድ ዘፈን ነው፤ «ዘ ፋይናል ካውንትዳውን»። ስታዲየም ውስጥ፣ ማስታወቂያ ላይ፣ የስልክ ጥሪ ላይ ሳይቀር ሰምታችሁታል። ዩሮፖች የተነሱት ከስቶክሆልም በስተሰሜን ካለችው ኡፕላንድስ ቬስቢ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ከዚያችው ከተማ ስለወጣ ሌላ ባንድ ነው። ካንድልማስ ይባላል። ዩሮፕ ዓለምን ባዳረሰበት በዚያው በ1986 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር።

ካንድልማስን ያስተዋወቀኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ አብረን እንገባለን። ዕድሜው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፀጉሩ ቢሳሳም እስከ ትከሻው የሚወርድ ስዊድናዊ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ስለዚህ ባንድ ግን አንዴ ከጀመረ ቡናው እስኪቀዘቅዝ አያቆምም።

ሜታል የሚባለው ከባድ ሮክ ሲነሳ ሩጫና ጩኸት ብቻ ከታያችሁ፣ ይኼኛው ሌላ ነው። የመጀመሪያው አልበም መክፈቻ «ሶሊቲዩድ» ይባላል። መጀመሪያ ቀጭን የጊታር ክር ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሰውየው ብቻውን ተቀምጦ ለራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ከዚያ ከባዱ ጊታር ይገባል። ግን አይሮጥም። አንዱን ድምፅ ይመታና እስኪሞት ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ሌላውን ይመታል። ዘፋኙም አይጮህም፤ ድምፁን ሙሉ አድርጎ ይለምናል። ትዝታ ሲሰማ ላደገ ጆሮ እንዲህ ያለ ቀስታ እንግዳ አይደለም።

የዚህ ሁሉ አባት ሌይፍ ኤድሊንግ ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ዘፈኖቹንም የሚጽፈው እሱ። ጣዖቶቹ ብላክ ሳባዝ የሚባሉት የእንግሊዝ በርሚንግሃም ባንድ ናቸው። የእነሱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ወጣት ሳለ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆርጦበታል። ከዚያ በኋላ ጣቱን እንዳያመው ክሩን እያላላ ይጫወት ጀመር፤ ያ ወፍራም፣ ከባድ ድምፅም በከፊል የመጣው ከዚህ ነው። ኤድሊንግ ያንን ድምፅ ወስዶ ይበልጥ አዘገመው። የአልበሙን ርዕስ ደግሞ ላቲን በሚመስል ቀልድ «ኤፒኩስ ዱሚኩስ ሜታሊኩስ» አለው። አልተሸጠም። ያሳተመላቸው የፈረንሳይ ኩባንያም ተዋቸው። ዛሬ ግን ኤፒክ ዱም ሜታል የሚባለው ቀርፋፋና ከባድ የሜታል ዘርፍ ሲነሳ መነሻው ይኼው ያልተሸጠ አልበም ነው።

የሚገርመኝ የዘፋኙ ነገር ነው። ዮሃን ሌንግክቪስት በዚያ አልበም ላይ የዘፈነው በእንግድነት ነበር፤ የባንዱ አባል አልነበረም። ዘፈነ፣ ሄደ። በቦታው ሜሳያ ማርኮሊን መጣ፦ ግዙፍ ሰውነት፣ ዳመና የሚያህል ፀጉር፣ የመነኩሴ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ የሚወዛወዝ። በ1987 «ናይትፎል» ከእሱ ጋር ወጣ፤ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲው የሾፐን የቀብር ማርሽም በጊታር ተሠርቶ እዚያ ውስጥ አለ። ስማቸው የተጠራው በእሱ ጊዜ ነው። በ1991 ማርኮሊን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ዘፋኝ ይመጣል፣ ዘፋኝ ይሄዳል። ባንዱ ይፈርሳል፣ ይነሳል። ማርኮሊን ተመልሶ በ2005 ጥሩ አልበም ሠሩ፣ እንደገና ተለያዩ። አሜሪካዊው ሮበርት ሎው መጣ። በ2012 «ይኼ የመጨረሻ አልበማችን ነው» አሉ። ኤድሊንግ ደግሞ አቅም በሚነሳ የድካም ሕመም ተይዞ ከመድረክ ራቀ። እዚህ ላይ አበቃ ብትሉ ማንም አይፈርድባችሁም።

በ2018 ግን ሌንግክቪስትን ጠሩት። ያንን የ1986ቱን እንግዳ! አሁን አባል ሆኖ ገባ። በቀጣዩ ዓመት «ዘ ዶር ቱ ዱም» የሚለውን አልበም አወጡ። አንዱ ዘፈን ላይ የጊታር ሶሎውን የተጫወተው ማን መሰላችሁ? ራሱ ቶኒ አዮሚ። ኤድሊንግ ልጅ ሆኖ ሲያመልከው የነበረው ሰው የእሱን ዘፈን ተጫወተለት። ያው ዘፈን በ2020ው ግራሚ በሜታል ዘርፍ ታጨ። ሽልማቱን ቱል የሚባሉት አሜሪካኖች ወሰዱት፣ ይሁን።

ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ከማርኮሊን ወዲያ ዘፋኝ የለም ባይ ነው። ለመድረኩ ከሆነ እስማማለሁ፤ ያንን ቀሚስ የሚተካ የለም። ለድምፅ ግን ሌንግክቪስት ይበልጥብኛል። ማርኮሊን ኦፔራ ያስመስለዋል። ሌንግክቪስት የምር የተጨነቀ ሰው ነው የሚመስለው። በ2022 በወጣው «ስዊት ኢቭል ሰን» ላይ ድምፁ ትንሽ ሻክሯል፤ ለእኔ እንዲያውም ተስማምቶታል።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ በ«ሶሊቲዩድ» ጀምሩ። ባቡር ውስጥ ብቻ አይሁን፤ ያ ቀጭን ጊታር በጫጫታ ይዋጥና ምኑን ወደደው ትሉኛላችሁ።